አጽድቼ የጣልኩት ፍኖተ ሐሊብ

«ቲቸር፣ ያ ጉብታ የት ሄደ?»

ይህን ጥያቄ ከሰማሁ ወር አልፎኛል። አሁንም ዕቃ ሳጥብ፣ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ሌሊት ሙቀቱ አላስተኛ ሲለኝ ይመጣብኛል። የጠየቀችኝ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የፊዚክስ ክበቡን ልጆች ሰብስቤ ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበትን ሥራ በፕሮጀክተር እያሳየኋቸው ነበር። ድሬዳዋ ካለው ቤታችን ጣሪያ ላይ ሆኜ፣ አናታችን ላይ የሚያልፈውን የሰማይ ሰቅ በሬዲዮ ለክቼ የሠራሁት ሥዕል ነው። ለስላሳ ነበር። አንድ ጭረት የለበትም። ልጆቹ አጨበጨቡ። እሷ ግን እጇን አወጣች።

ሐምሌ ላይ ጣሪያው ላይ አብራኝ ነበረች። ላፕቶፑ ላይ ያለው መስመር ቀስ እያለ ሲያብጥ አብረን አይተናል። ያ ጉብታ ፍኖተ ሐሊብ ነው፤ የራሳችን ጋላክሲ። ሥዕሉ ላይ ፈለገችውና አጣችው። እኔም ዞሬ አየሁ። የለም።

ሃያ አምስት ሌሊት ሰማይ ለክቼ፣ ሰማዩ ላይ ካለው ሁሉ ጎልቶ መታየት የነበረበትን ነገር ጠርጌ አውጥቼዋለሁ።

ቆርቆሮና ሙቀት

መሣሪያው የሚያስፈራ ነገር የለውም። ሃይድሮጂን በ1420.4 ሜጋኸርዝ ላይ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል። የሞገዱ ርዝመት 21 ሴንቲሜትር ነው። አንቴናው ውስጥ የሚቆመው የመዳብ ሽቦ የዚህ ሩብ ይሆናል፤ 5 ሴንቲሜትር ከትንሽ። አንቴናውን የሠራልኝ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ያለ ቆርቆሮ ሠሪ ነው። አፉ 75 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ሣጥን።

«ውኃ ልትቀጂበት ነው?» አለኝ።

«አይደለም፣ ሰማይ ላይበት ነው» አልኩት።

መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ላይ አየ። ከዚያ ሳልነግረው መገጣጠሚያዎቹን ሁለቴ በየዳቸው። «ለሰማይ ከሆነ ቀዳዳ አይኑረው» አለ። ልክ ነበር። ሞገድ የሚሾልክበት ቀዳዳ ጫጫታ የሚገባበትም ነው።

ደካማውን ሞገድ የምታጎላውን ማጉያና አውራ ጣት የምታህለውን ሬዲዮ መቀበያ ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ ላከችልኝ። አንቴናውን ጣሪያው ላይ ቀጥ አድርጌ ወደ አናት አቆምኩት። አይንቀሳቀስም። ምድር ስለምትዞር ሰማዩ ራሱ በፊቱ ያልፋል። ድሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በክረምት ሌሊት ፍኖተ ሐሊብ አናታችን ላይ ያቋርጣል። ሲያልፍ በውስጡ ካለው ሃይድሮጂን የተነሳ መስመሩ 1420.4 አካባቢ ያብጣል፣ ካለፈ በኋላ ይተኛል።

የመጀመሪያው ችግር ሙቀት ነበር። ማጉያ ሲሞቅ የሚያጎላበት መጠን ይለዋወጣል፣ የራሱ ጫጫታም ይጨምራል። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ እጅ አይጣልም። ፀሐይ ከጠለቀችም በኋላ ቤቱ የዋለበትን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት ይተፋል። ስክሪኑ ላይ ሲታይ ሰማዩ ራሱ እየደበዘዘ የሚሄድ ይመስላል። የጣሪያችንን መቀዝቀዝ እየለካሁ ሰማይ ለካሁ ልል ነበር። ማጉያው ጎን ቴርሞሜትር አሰርኩ። ሥራውንም ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ብቻ አደረግኩት። በዚህ ችግሩ ተቃለለ።

ሰዓት አክባሪው እንግዳ

ሁለተኛው ችግር ማታ ማታ ይመጣል። ልክ 2 ሰዓት ሲሆን መስመሩ እንዳለ ብድግ ይላል። 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቁጭ ይላል። ሹል ነገር ቢሆን ኖሮ ወዲያው እጠረጥረው ነበር። ይሄ ግን ሰፊና ለስላሳ ነው። የሆነ ሞቅ ያለ ነገር አናታችን ላይ ያለፈ ነው የሚመስለው። ለሦስት ቀን ልቤ ቆሞ ነበር። ለማንም ግን አልተናገርኩም። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ከዋክብት የሚመላለሱት በየ24 ሰዓቱ አይደለም። በየ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃው ነው። ከሰማይ የመጣ ነገር ዛሬ 2 ሰዓት ላይ ከታየ ነገ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ፣ በወር ደግሞ 2 ሰዓት ቀድሞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው መሐንዲስ ካርል ጃንስኪ የሬዲዮ ስልክ የሚረብሽ ጫጫታ ሲፈልግ ያገኘው ሹክሹክታ ከፍኖተ ሐሊብ እንደሚመጣ ያወቀው በዚህችው 4 ደቂቃ ነው። ለክፍል ልጆች ሳስተምረው የምወደው ታሪክ ነው። የእኔ እንግዳ ግን በሳምንቱም 2 ሰዓት ላይ መጣ። የግድግዳ ሰዓት ነው የሚከተለው። ስለዚህ ሰው ነው።

ማን እንደሆነ እስካውቅ ኮድ ጻፍኩ። ሐምሌ 10 አካባቢ ነው። በየሌሊቱ ከ1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት የመጣውን ዳታ ይቆርጣል። ግራና ቀኙን ያሰፋሁት ለጥንቃቄ ነው። በዚያን ጊዜ ፍኖተ ሐሊብ አናታችን ላይ የሚደርሰው 5 ሰዓት ከሩብ ካለፈ በኋላ ስለነበር ኮዱ የጎዳው ነገር አልነበረም። ልጅቷ ጉብታውን ያየችው ሐምሌ 15፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

እንግዳውን ያጋለጠው መብራት መጥፋቱ ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሰፈሩ ጨለመ። ላፕቶፔ ባትሪ ነበረው፤ መቀበያውም ማጉያውም ከእሱ ነው የሚበሉት። ብድግ ብሎ የነበረው መስመር በዚያችው ሰከንድ ዝቅ አለ። መብራት ሲመጣ ወዲያው አልተመለሰም። ጥቂት ቆይቶ፣ ሪሲቨር ለመነሳት የሚወስድበትን ያህል ቆይቶ፣ እንደገና ብድግ አለ።

ጣሪያ ላይ ቆሜ ዙሪያዬን አየሁ። በየቤቱ ዲሽ ነው።

ከ1400 እስከ 1427 ሜጋኸርዝ ያለው መስመር በዓለም አቀፍ ስምምነት ለሬዲዮ አስትሮኖሚ የተጠበቀ ነው። ማንም በዚያ ላይ አያሰራጭም። የዲሽ ኬብል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኤልኤንቢው፣ ዲሹ ፊት ለፊት የተሰቀለው መቀበያ፣ ከሳተላይት የተቀበለውን ሞገድ ድግግሞሹን ዝቅ አድርጎ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ወደ ሪሲቨሩ ይልካል። ኬብሉ ደህና ከሆነ ከውስጡ አይወጣም። ኮኔክተሩ ከበሰበሰ ያፈሳል። ሲያፈስ ደግሞ የተጠበቀው መስመር ላይ ጭምር ያፈሳል። ዲጂታል የቴሌቪዥን ሲግናል ሲታይ ከተራ ጫጫታ አይለይም። ስፋቱም ወደ 30 ሜጋኸርዝ ነው፤ የእኔ መቀበያ በአንዴ የሚያየው 2.4 ብቻ። ለስላሳ መስሎ የታየኝ ለዚህ ነው።

ግድግዳ የምንጋራቸው እማማ ጋ ሄጄ አንኳኳሁ። ድራማቸውን እያዩ ነው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቻናሉን ለአንድ ደቂቃ ሊቀይሩልኝ ይችላሉ?»

«አሁን? ልትሞት ነው እኮ፣ ልጄ» አሉኝ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ሴት እያሳዩኝ።

ትዕይንቱ እስኪያልቅ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። ከዚያ ቀየሩልኝ። ታናሽ ወንድሜ ከጣሪያው ላይ «ወረደ!» ብሎ ጮኸ። ሪሲቨሩ ከሁለት የቻናል ምድቦች የትኛውን እንደሚፈልግ ለኤልኤንቢው የሚነግረው 13 ወይም 18 ቮልት እየላከ ነው። የድራማው ቻናል በአንደኛው ነው፣ የቀየሩት በሌላው። በማግሥቱ ጣሪያቸው ላይ ወጥተን አየነው። ኮኔክተሩ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል፣ በፌስታል ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ቆርጠን በአዲስ ቀየርነው። በዚያ ማታ 2 ሰዓት ላይ መስመሩ አልተነሳም። እማማም «ምስሉ ጠራልኝ» ብለው መረቁኝ።

ነሐሴ 8 ቀን አዲሱን ልኬት ጀመርኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ኮዱ እንዳለ ቀረ

ቶሎ ማለፍ የማልፈልገው እዚህ ጋ ነው። ነሐሴ 8 ማታ ምን ምን እንዳደረግኩ ደጋግሜ አስቤያለሁ። አዲስ ፎልደር ከፈትኩ። የማጉያውን ሣጥን ጠረግኩ። ቴርሞሜትሩን አየሁ። የሐምሌውን ዳታ «ቆሻሻ ነው» ብዬ ደመሰስኩ። ኮዱን ግን አልነካሁትም። የሚሠራ ነገር ማን ይነካል? የእማማ ኮኔክተር ድኗል፤ ለእሱ የታዘዘው መድኃኒት ግን በየሌሊቱ መሰጠቱን ቀጠለ።

ፍኖተ ሐሊብም አልቆመም። በየቀኑ 4 ደቂቃ እየቀደመ ነው። ነሐሴ 8 ላይ አናታችን የሚደርሰው 4 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነበር። ነሐሴ 25 ላይ 3 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው። ጳጉሜ 2 ላይ 2 ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ሃያ አምስቱም ሌሊት ከ1 እስከ 5 ባለው ውስጥ ነው። ጎረቤቴን የያዝኩበት ያው 4 ደቂቃ ፍኖተ ሐሊብን ቀስ አድርጎ መቁረጫው ውስጥ አስገብቶልኛል። እኔ ነኝ ያንን 4 ደቂቃ ክፍል ውስጥ ቆሜ የማስተምረው።

ቢያንስ ሥዕሉ ላይ ክፍተት በታየኝ ነበር። እሱንም ደፍኜዋለሁ። የተቆረጠው ቦታ ባዶ ሆኖ ሲያስጠላኝ ከግራና ከቀኙ ያለውን አማካይ ወስዶ እንዲሞላው ሌላ ሦስት መስመር ኮድ ጨምሬ ነበር። በጉብታው ፋንታ የጎረቤቶቹ አማካይ ገባ። ልጆቹ ያጨበጨቡለት ልስላሴ ይሄ ነው። ጉድጓድ ቢኖር ሰው ይጠይቃል። የተደፈነ ጉድጓድ ግን ማንም አይጠይቅለትም፤ በፊት እዚያ ምን እንደነበር ያየ ካልሆነ በቀር።

ጥሬ ዳታውም የለም። በየሰከንዱ 4096 ቁጥር ስለምቀዳ አንድ ሌሊት ወደ 700 ሜጋባይት ይሆናል። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ዲስኩ ሞልቷል። ስለዚህ በየጠዋቱ የተጣራውን አስቀምጬ ጥሬውን እደመስስ ነበር። የሐምሌው ልኬት የቀረው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ልጅቷ ያን ማታ በስልኳ የላፕቶፑን ስክሪን ፎቶ አንስታ ነበር። ክፍል ውስጥ አውጥታ አሳየችኝ። የጣሪያው አምፖል ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፣ የእኔ አውራ ጣት ጥግ ላይ ገብቷል። መሐሉ ላይ ግን ጉብታው አለ።

የተጣለውን ማየት

ሥራውን ከተማርኩባቸው ታሪኮች አንዱ አውስትራሊያ ያለው የፓርክስ ቴሌስኮፕ ነው። ዲሹ 64 ሜትር ነው። ለዓመታት አልፎ አልፎ ምንጩ የማይታወቅ አጭር ሲግናል ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤሚሊ ፔትሮፍና ባልደረቦቿ ምንጩን አገኙት። የግቢው ማይክሮዌቭ ምድጃ ነበር፤ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ በሩን ሲከፍተው የሚለቀው። ይህን ታሪክ ስናነብ የምንይዘው «ከምድር የመጣውን አውጥታችሁ ጣሉ» የሚለውን ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የያዝኩት።

ግን የዚያው ዲሽ ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቀዳ ዳታ ተቀምጦ ነበር። ከዓመታት በኋላ ዴቪድ ናርኬቪክ የሚባል ተማሪ ከአስትሮኖመሩ ዱንካን ሎሪመር ጋር ሲሠራ ያንን አሮጌ ዳታ እንደገና ሲያስስ ጥቂት ሺኛ ሰከንድ ብቻ የቆየ ኃይለኛ ሲግናል አገኘ። በ2007 ታተመ። ብዙዎች ለዓመታት ተጠራጠሩት። የማይክሮዌቩ ዓይነት ሲግናሎች መኖራቸው ጥርጣሬውን አባሰው። ዛሬ ግን ፈጣን የሬዲዮ ፍንዳታ የሚባሉት የመጀመሪያው እሱ መሆኑ የታወቀ ነው። ማይክሮዌቩም ይሄኛውም የመጡት በአንድ ዲሽ ነው። አንዱ ምድጃ፣ አንዱ ከሩቅ ጋላክሲ። አንድ ሰው በ2001 «ዲስክ ሞላ» ብሎ ቢደመስሰው ኖሮ?

ያኔ ተማሪ የነበረችው ጆስሊን ቤልም አለች። እ.ኤ.አ. በ1967 ካምብሪጅ ውስጥ በቀን ወደ 30 ሜትር የሚሆን የወረቀት ግራፍ በዓይኗ ታነብ ነበር። ሰው የሚለቀው ረብሻ ሊባል የሚችል አንድ ትንሽ ጭረት አገኘች። አልጣለችውም። የከዋክብትን ሰዓት እየጠበቀ መመለሱን አየች። የመጀመሪያው ፑልሳር ሆነ፤ እየዞረ የሬዲዮ ምት የሚልክ ኮከብ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ጥርጣሬዬን ሁሉ ጎረቤት ላይ ጨረስኩት። ለኮዴ ምንም አልተረፈኝም። የእማማ አንድ ኮኔክተር ላጠፋው አራት ሰዓት ሰማይ ቀጣሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ሁሉንም ማስቀመጥ ይቻላል እያልኩ አይደለም። መቀበያዬ የሚያወጣውን ጥሬ ነገር አማካይ ሳልወስድለት ልቅዳ ብል አንድ ሌሊት 200 ጊጋባይት ያልፋል። ደቡብ አፍሪካ ካሩ በረሃ ያለው የሚርካት ሬዲዮ ቴሌስኮፕ 64 ዲሽ አለው፤ እዚያው የሚገነባው ኤስኬኤ የተባለ ቴሌስኮፕ በዕቅዱ 197 ይኖረዋል። እነሱም የሚመጣውን ሁሉ ሊያስቀምጡ አይችሉም፤ አማካይ ይወስዳሉ፣ ይመርጣሉ። ምርጫ የግድ ነው። ግን ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች የሚጠቀሙበት አንድ ልማድ አለ፣ እኔ ያለፍኩት። የተበላሸ የመሰላቸውን ቁጥር አይሰርዙትም። አጠገቡ «ይህን አትጠቀሙ» የሚል ምልክት ያኖራሉ፤ ፍላግ ይሉታል። ቁጥሩ እንዳለ ይቆያል። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ምልክቱን ያነሳል። የእኔ ኮድ አንድ ቃል ብቻ ነበር የተለየው፤ ምልክት ማድረጊያው ቦታ ላይ መሰረዣ።

ይህን በማሰላስልበት ሳምንት እናቴ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነበር። ስንት ዓመት አይቻታለሁ፣ ልብ ብዬ ግን አላውቅም። ሰፌዱን ጭኗ ላይ ታደርጋለች። ጠጠሩንና የነቀዘውን በጣቷ እየገፋች ከጎኗ ያለች ሲኒ ማስቀመጫ ላይ ትጥላለች። ሰፌዱ ሲያልቅ አትነሳም። ማስቀመጫዋን ወደ ብርሃን ታዞርና የጣለችውን እንደገና ትለቅማለች። ሰባት ስምንት ደህና ምስር ይወጣል። ወደ ሰፌዱ ትመልሰዋለች። ከዚያ ነው የምትደፋው።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምታደርጊው?» አልኳት።

«ታዲያ እጅ አይሳሳትም?» አለችኝ።

አሁን ኮዱን እንደ አዲስ ጽፌዋለሁ። ምንም አይሰርዝም። የሚጠረጥረውን ቀይ ያደርግና ትቶት ያልፋል። መሙያዋን ሦስት መስመር አጥፍቻታለሁ፤ ባዶው ባዶ ሆኖ ይታያል፣ ያስጠላል፣ ይታይ። ከመምህራን ደመወዝ ላይ ተቆጥቦ አንድ ውጫዊ ዲስክ ተገዝቷል። እያንዳንዱ ቀይ ምልክት ለምን እንደተደረገና እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚጻፍበት ደብተር አለ። ደብተሩን የምትይዘው ያቺው ተማሪ ናት። ምክንያቱ ያልተጻፈ ምልክት ካየች ታነሳዋለች፤ እኔን አታስፈቅድም።

ጥቅምት ስለገባ ያው የፍኖተ ሐሊብ ክፍል አሁን በቀን ብርሃን ነው አናታችን የሚደርሰው። ጣሪያው ገና ግሏል፣ ማጉያውን በእርጥብ ጨርቅ ጥላ አበጅተንለታል፣ ቴርሞሜትሩን በየ10 ደቂቃው እናነባለን። ትናንት 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ጉብታው ጫፉ ላይ ደረሰ። ሙቀቱ ስላወዛወዘው ከሐምሌው ይልቅ ሻካራ ነው። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ የድሮውን ፎቶ ከስክሪኑ ጎን ያዘችው። ለረጅም ጊዜ ሁለቱን እያየን ዝም አልን።

ዛሬ 11 ከ8 ላይ ይመጣል። ከ10 ሰዓት ጀምሮ ጣሪያ ላይ ነን።